ሃይብሪድ መኪና ያዋጣል ወይ? ልዩነቱን በሊትር እንቁጠረው

ሃይብሪድ መኪና፣ ማለትም ከቤንዚን ሞተሩ ጋር ኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ ያለው መኪና፣ የሚሸጥ ሰው «ነዳጅ በ30 በመቶ ይቀንስልሃል» ይላል። ገዢው ደግሞ ዓይኑ ያለው ከተመሳሳዩ የቤንዚን መኪና በላይ በተጠየቀው ገንዘብ ላይ ነው። አንዱ በመቶኛ፣ ሌላው በገንዘብ ስለሚያወራ ክርክሩ መቋጫ አያገኝም። የቀጠለ እንደሆነም «የጎረቤቴ ልጅ ገዝቶ በጣም ተደስቷል» እና «ባትሪው ሲበላሽ ታያለህ» በሚሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይዘጋል።

እኔ የምመርጠው መለኪያ ሊትር ነው። ሃይብሪዱ ከተራው መኪና የሚበልጥበትን ዋጋ ወስዶ ለአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ማካፈል ነው። የሚገኘው ቁጥር ገዢው መኪናውን በሚረከብበት ዕለት ስንት ሊትር ቤንዚን አስቀድሞ እየከፈለ እንደሆነ ይነግረዋል። ያን ያህል ሊትር እስኪቆጥብ ድረስ ዕዳ ላይ ነው ማለት ነው።

ልዩነቱ የ3,000 ሊትር ዋጋ ሆነ እንበል። ቁጥሩን የወሰድኩት ለስሌት እንዲመች ነው፤ እያንዳንዱ ገዢ የራሱን ይተካበት። ሃይብሪዱ በየ100 ኪሎሜትሩ 2 ሊትር የሚቆጥብ ከሆነ 3,000 ሊትሩን ለመመለስ 150,000 ኪሎሜትር መነዳት አለበት። ከዚያ በፊት ከባለቤቱ እጅ የወጣ መኪና በነዳጅ ሒሳብ ብቻ ሲታይ ኪሳራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነዳው ሁሉ ትርፍ ነው። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ጣጣው ያለው «2 ሊትር» ያልናት ቁጥር ውስጥ ነው።

ቁጠባው ከየት ነው የሚመጣው?

በገመድ ኤሌክትሪክ የማይሞላ ሃይብሪድ ከቤንዚን ሌላ የኃይል ምንጭ የለውም። ባትሪው ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ በሙሉ መነሻው ቤንዚን ነው። ባትሪውም ቢሆን ትንሽ ነው፤ የቶዮታ ፕሪየስ ባትሪ ለብዙ ዓመታት ሲይዝ የኖረው 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ግን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል አለው። ስለዚህ ሃይብሪድ ኃይል አይፈጥርም። ሥራው ተራው መኪና እየደፋው የሚሄደውን ኃይል መልቀም ነው። ብዙ በሚደፋበት መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ብዙ ያገኛል፤ የሚደፋ ነገር በሌለበት መንገድ የሚነዳ ሰው ግን የሚለቅመው የለውም።

ዋናው ብክነት ፍሬን ላይ ነው። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ተፈትልኮ ከሄደ በኋላ መብራት ላይ ሲቆም፣ ለማፍጠን የተቃጠለው ቤንዚን የሰጠው ጉልበት በፍሬን ሸራውና በዲስኩ መካከል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሃይብሪድ ላይ እግር ፍሬን ሲነካ መጀመሪያ የሚሠራው ኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ሁሉንም ግን አይመልስም። በድንገት ፍሬን የሚረግጥ ሾፌር ሞተሩ ከሚችለው በላይ ስለሚጠይቀው ትርፉ እንደ ድሮው ወደ ሸራው ይሄዳል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሃይብሪድ በአንድ መንገድ ላይ እየነዱ የተለያየ ፍጆታ የሚያወጡት በከፊል ለዚህ ነው። ረጅም ቁልቁለትም እንደሚታሰበው አይደለም፤ ትንሹ ባትሪ ቶሎ ይሞላና የቀረው ወርዶ የሚገኝ ጉልበት ማስቀመጫ ያጣል።

ሌላው ብክነት ቆሞ መሥራት ነው። ተራ የቤንዚን ሞተር መኪናው ሳይንቀሳቀስ በሰዓት ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ በቀን በድምሩ አንድ ሰዓት የሚቆም መኪና በዓመት 300 ቀን ቢሠራ ቢያንስ 150 ሊትር አንድ ሜትር ሳይሄድበት አቃጠለ ማለት ነው። ሃይብሪዱ በዚህ ጊዜ ሞተሩን ያጠፋል፤ ማቀዝቀዣውንም ከባትሪው ያሠራዋል፣ ባትሪው ሲደክም ብቻ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ተነስቶ ይሞላዋል። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ፍትሐዊ ነው፦ ሲቆም ሞተሩን ራሱ የሚያጠፋ ሥርዓት በብዙ ተራ መኪኖችም ላይ አለ፤ ከዚህኛው ጥቅም የተወሰነውን ለማግኘት የግድ ሃይብሪድ መግዛት አያስፈልግም።)

ሦስተኛው ከሞተሩ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። የቤንዚን ሞተር በዝግታ ሲያዘግም ለሚሰጠው ጉልበት ብዙ ነዳጅ ያባክናል። ሃይብሪድ በዚያ ሰዓት ሞተሩን አጥፍቶ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ሞተሩን የሚጠራው በደንብ በሚሠራበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ጉልበት ሲያንስ ኤሌክትሪኩ ስለሚያግዘው ሞተሩ ራሱ ጉልበቱ ቀንሶ ቁጠባው እንዲጨምር ተደርጎ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አራተኛው ትውልድ ፕሪየስ ሞተር ምቹ ሁኔታ ላይ ሲሆን ከቤንዚኑ ሙቀት እስከ 40 በመቶ ድረስ ወደ ሥራ እንደሚቀይር ቶዮታ አስታውቆ ነበር፤ ለቤንዚን ሞተር ይህ ትልቅ ቁጥር ነው።

አሁን መኪናውን ከከተማ አውጥተን ረጅም አውራ ጎዳና ላይ እናስገባው። መብራት የለም፣ ፍሬን የለም፣ ቆሞ መጠበቅ የለም። ኃይሉን የሚበላው ነፋስ ነው፤ ከነፋስ ደግሞ ተመልሶ የሚለቀም የለም። ከሦስቱ ጥቅሞች ሁለቱ ቀሩ፣ ሦስተኛውም ሳሳ።

ይህ በቁጥር ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ቶዮታ ኮሮላ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በአንድ ቅርጽ በሁለቱም ዓይነት ስለሚሸጥ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለ2023 ሞዴል ባወጣው ደረጃ መሠረት ተራው ኮሮላ ኤልኢ በከተማ በ100 ኪሎሜትር 7.3 ሊትር ገደማ ሲወስድ ሃይብሪዱ 4.4 ሊትር ይወስዳል። ልዩነቱ 2.9 ሊትር ነው። በአውራ ጎዳና ግን ተራው 5.7፣ ሃይብሪዱ 5.1፤ ልዩነቱ 0.6 ሊትር ብቻ። በድብልቅ ሲታይ 6.7 እና 4.7 ይሆንና ያቺ 2 ሊትር ትመጣለች።

እነዚህን ወደ 3,000 ሊትሩ ዕዳ እንመልሳቸው። በድብልቅ የሚነዳው ሰው ዕዳውን የሚጨርሰው በ150,000 ኪሎሜትር ነው ብለናል። ከከተማ የማይወጣው በ103,000 ኪሎሜትር አካባቢ ይጨርሳል። አውራ ጎዳና ብቻ የሚነዳው ግን 500,000 ኪሎሜትር መሄድ ይኖርበታል፤ ይህ ብዙ መኪኖች በሕይወት ዘመናቸው የማይደርሱበት ርቀት ነው። መኪናው አንድ ነው፣ የከፈሉት ዋጋም አንድ ነው። «ሃይብሪድ ያዋጣል?» ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ መልስ ሊኖር የማይችለው ለዚህ ነው።

«በሊትር ስንት ትሄዳለች?»

ስለ ነዳጅ ፍጆታ ስናወራ የለመድነው አነጋገር ይህ ነው። ችግሩ ጥያቄው የተገለበጠ መሆኑ ነው። በሊትር 20 ኪሎሜትር ከምትሄድ መኪና 25 ወደምትሄድ የተሸጋገረ ሰው አምስት ኪሎሜትር ጨመረልኝ ብሎ ይደሰታል። በሊትር 8 ከምትሄድ ወደ 10 የተሸጋገረው ሁለት ኪሎሜትር ብቻ ስለሆነ ቅር ይለዋል። በ100 ኪሎሜትር ሲሰላ ግን የመጀመሪያው ከ5 ሊትር ወደ 4 ወርዶ አንድ ሊትር ቆጠበ፤ ሁለተኛው ከ12.5 ወደ 10 ወርዶ ሁለት ሊትር ተኩል ቆጠበ። ሪቻርድ ላሪክና ጃክ ሶል የተባሉ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ይህንኑ ስህተት በጥናት አሳይተው፣ ፍጆታ መገለጽ ያለበት በተወሰነ ርቀት በሚቃጠል ነዳጅ ነው ብለው ተከራክረዋል።

ለሃይብሪድ ገዢ ይህ ትርጉም ያለው ነገር ነው። ብዙ ሰው ሃይብሪድ የሚያስበው ትንሽ መኪና ሲገዛ ነው፤ ትልቁ ቁጠባ ያለው ግን ብዙ በሚጠጡት ትልልቆቹ ላይ ነው። የ2022 ቶዮታ ሃይላንደር ባለ ስድስት ሲሊንደሩ በድብልቅ አነዳድ 9.8 ሊትር፣ ሃይብሪዱ 6.5 ሊትር በ100 ኪሎሜትር ተመዝግቦላቸዋል። በመቶኛ ሲታይ ከኮሮላው ብዙም አይራራቁም፣ ሁለቱም በአንድ ሦስተኛ አካባቢ ይቀንሳሉ። በሊትር ግን ኮሮላው 2 ሲቆጥብ ሃይላንደሩ 3.3 ይቆጥባል፤ 3,000 ሊትሩም በ91,000 ኪሎሜትር ይመለሳል። በእርግጥ ትልቅ መኪና ላይ የዋጋ ልዩነቱም ሊሰፋ ስለሚችል ሒሳቡ በየመኪናው መሠራት አለበት። ያም ሆኖ «30 በመቶ» የምትል ማስታወቂያ ያየ ሰው «ከስንት ሊትር ላይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ርቀት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። በከተማ ውስጥ በዓመት 60,000 ኪሎሜትር የሚሠራ ታክሲ በኮሮላው ቁጥር 3,000 ሊትሩን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይመልሳል። በዚያው ከተማ በዓመት 15,000 የሚነዳ ሰው ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በዓመት 6,000 የሚነዳው ደግሞ ከ17 ዓመት በላይ። እንደኔ እንደኔ በከተማ ጭንቅንቅ ውስጥ በዓመት ከ20,000 ኪሎሜትር በላይ የሚነዳ ሰው ሃይብሪድ ለመግዛት ብዙ ማመንታት የለበትም፤ መኪናው አብዛኛውን ሳምንት ቆሞ የሚውልበት ወይም ጉዞው ሁሉ ረጅም መንገድ የሆነ ሰው ደግሞ ልዩነቱን ኪሱ ውስጥ ቢያስቀረው ይሻለዋል።

ኪሱ ውስጥ የሚቀረው ገንዘብ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይህን ብዙዎቹ ስሌቶች ይዘሉታል። ተጨማሪው ዋጋ ዛሬ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ቁጠባው ግን በየወሩ እየተንጠባጠበ ይመጣል። ገንዘቡ በብድር ከመጣ ወለድ አለው፤ ከቁጠባ ከመጣም ባንክ ቢቀመጥ ይወልድ ነበር። በድብልቅ መንገድ በዓመት 15,000 ኪሎሜትር የሚነዳው ሰው በዓመት 300 ሊትር ይቆጥባል፤ በቀላል ስሌት 3,000 ሊትሩን በአሥር ዓመት ይመልሳል። ወለዱ 5 በመቶ ቢሆንና የቤንዚን ዋጋ ባለበት ቢቆይ አሥሩ ዓመት ወደ 14 ይረዝማል። ወለዱ 10 በመቶ ከሆነ ደግሞ የ3,000 ሊትር ወለድ በዓመት ራሱ 300 ሊትር ነው፤ ቁጠባው በሙሉ ወለዱን ብቻ እየከፈለ ዋናው ዕዳ ሳይነካ ይኖራል፣ መቼም አይመለስም። በተቃራኒው የቤንዚን ዋጋ በየዓመቱ ከወለዱ እኩል የሚጨምር ከሆነ ቀላሉ ስሌት ትክክል ነው፤ ነዳጁ ወለዱን ከቀደመ ደግሞ ሃይብሪዱ ከተባለውም በፊት ይመለሳል። ሃይብሪድ የሚገዛ ሰው ሳያውቀው በነዳጅ ዋጋ መጨመር ላይ እየተወራረደ ነው። የገንዘብ ዋጋ በፍጥነት በሚወርድበት ቦታ ይህ ውርርድ መጥፎ አይደለም።

ከየትኛው መኪና ጋር ነው የምናወዳድረው?

የዋጋ ልዩነቱን ማውጣት ራሱ ቀላል አይደለም። አምራቾች ሃይብሪዱን ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ከተሻለ ወንበር፣ ከተሻለ ስክሪንና ከሌላም ጌጣጌጥ ጋር አድርገው ነው። ከባዶው ተራ መኪና ጋር ካወዳደርነው የቆዳውን ወንበር ዋጋ ሃይብሪዱ ላይ እንጭናለን። ሻጩ በበኩሉ ልዩነቱን ለማጥበብ ሃይብሪዱን ከውዱ ተራ መኪና ጋር ያስተያያል። ትክክለኛው ዕቃው ሁሉ ተመሳሳይ የሆነውን ሞዴል ፈልጎ ማስተያየት ነው። ደግሞም ነዳጅ ለመቆጠብ ብቻ የሚፈልግ ሰው አንድ ደረጃ አነስ ያለ ተራ መኪና ቢገዛ ያለ ምንም ተጨማሪ ዋጋ ቁጠባውን በከፊል ያገኘዋል። ይህን የሚነግረው ሻጭ አያገኝም።

በሌላ በኩል ከልዩነቱ ላይ የሚቀነስም አለ። መኪናው ሲሸጥ ሃይብሪዱ ከተራው የሚበልጥበት ዋጋ በሙሉ አይጠፋም። ከ3,000 ሊትሩ ግማሹ በሽያጭ ጊዜ የሚመለስ ከሆነ ነዳጁ መመለስ ያለበት 1,500 ሊትር ብቻ ነው፤ 150,000 ኪሎሜትሩም ወደ 75,000 ይወርዳል። በአካባቢው ገበያ አሮጌ ሃይብሪድ በስንት እንደሚሸጥ ማጣራት ስለ አዲሱ መኪና ፍጆታ ከማንበብ የበለጠ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጥገናውም ሁለት ወገን አለው። የቶዮታ ዓይነት ሃይብሪድ ሞተሪኖ የለውም፣ ዲናሞም የለውም፤ ኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ሁለቱንም ሥራ ይሠራሉ። ፍሪሲዮን ያለው ካምቢዮም የለውም። የፍሬን ሸራ ከተራው መኪና በጣም ይቆያል። የሞተር ዘይት፣ ጎማና ተንጠልጣይ ክፍሎች እንደማንኛውም መኪና ናቸው። የሚጨመሩት ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሮቹ በሚሆን መልክ የሚቀይረው ክፍል)፣ የራሱ ማቀዝቀዣ ፈሳሽና ትልቁ ባትሪ ናቸው። ባትሪውን በብዙ ሞዴሎች የሚያቀዘቅዘው ከተሳፋሪው ክፍል አየር የሚስብ ማራገቢያ ሲሆን ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ባትሪው እየጋለ ዕድሜው ያጥራል። ማጽዳቱ ርካሽ ነው፤ ብዙ ባለቤቶች ግን መኖሩንም አያውቁም፣ ዕቃም ጭነውበት ይሄዳሉ።

የባትሪው ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ የሚገባውን ያህል ብቻ ግን መፍራት ነው። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2011 ከ330,000 ኪሎሜትር በላይ የሄደ የ2002 ፕሪየስ በመጀመሪያው ባትሪ ፈትኖ፣ ፍጆታው ከአሥር ዓመት በፊት አዲስ ሆኖ ከተፈተነው ተመሳሳይ መኪና ፍጆታ ጋር እኩል ሊባል የሚችል ሆኖ አግኝቶታል። ቶዮታም ከ2020 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ገበያ ለሃይብሪድ ባትሪ የሚሰጠውን ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል፣ ማለትም 240,000 ኪሎሜትር ገደማ አሳድጎታል። ዋስትና ለማይደርስበት ገዢ፣ በተለይ አሮጌ ሃይብሪድ ለሚገዛ፣ ባትሪው ከሒሳቡ መግባት አለበት። መቀየሪያው የ2,000 ሊትር ዋጋ ቢያወጣ በ2 ሊትር ቁጠባ ሌላ 100,000 ኪሎሜትር ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ የአሮጌ ሃይብሪድ ዋጋ መለካት ያለበት ባትሪውን በመሣሪያ ካስመረመሩ በኋላ ነው፤ ሻጩ አላስመረምርም ካለ ራሱ መልስ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚመለከተው ራሱን ችሎ የሚሞላውን ሙሉ ሃይብሪድ ነው። «ሃይብሪድ» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ መኪና ሁሉ እንዲህ አይደለም። ባለ 48 ቮልቱ ቀላል ሃይብሪድ ሞተሩን ያግዛል እንጂ በአብዛኛው ብቻውን መኪናውን አይነዳም፤ ቁጠባውም ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ እንኳን አይሞላም። በገመድ የሚሞላው ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 ከተመዘገቡ መኪኖች ከራሳቸው መቆጣጠሪያ በተሰበሰበ መረጃ መሠረት፣ በገመድ የሚሞሉ ሃይብሪዶች በመንገድ ላይ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላቦራቶሪ ከተለካው በአማካይ ሦስት ጊዜ ተኩል በልጦ ተገኝቷል። የተራ ቤንዚንና ናፍጣ መኪኖች ልዩነት 20 በመቶ ገደማ ነበር። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም፦ ባለቤቶቹ እንደታሰበው አይሞሏቸውም። ሳይሞላ የሚነዳ እንዲህ ያለ መኪና ትልቅ ባትሪ ተሸክሞ የሚዞር የቤንዚን መኪና ነው። ማታ ማታ ቤቱ ሶኬት ጋር ማቆም ለማይችል ሰው ይህን ዓይነት አልመክርም።

ጥያቄው ራሱ እየተለወጠ መሆኑም መነሳት አለበት። ፕሪየስ እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ሲቀርብ ሃይብሪድ እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬ አንዳንድ አምራቾች ተራውን ከዝርዝራቸው እያወጡት ነው፤ ቶዮታ ካምሪ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጠው በሃይብሪድ ብቻ ነው። እዚያ የደረሰ ገዢ በሁለት ተመሳሳይ መኪኖች መካከል የሚያመዛዝነው የዋጋ ልዩነት የለውም። የሚቀረው ምርጫ አዲሱን ሃይብሪድ መግዛት ወይም ያለውን አሮጌ የቤንዚን መኪና እየጠገኑ መንዳት ነው። እዚህ ላይ ነዳጁ ብቻውን ሲመዘን ውጤቱ ያስደነግጣል። በ100 ኪሎሜትር 8 ሊትር የሚወስድ አሮጌ መኪና በ4.7 ሊትር ሃይብሪድ ቢተካ፣ በዓመት 15,000 ኪሎሜትር ለሚነዳ ሰው ቁጠባው 500 ሊትር ገደማ ነው። አዲሱ መኪና፣ አሮጌው የተሸጠበት ተቀንሶለት፣ የ10,000 ሊትር ዋጋ ብቻ ቢጠይቅ እንኳን በነዳጅ ለመመለስ 20 ዓመት ይፈልጋል። አሮጌውን መኪና የመተካት ምክንያት ካለ እሱ ደኅንነት ነው፣ የጥገና ወጪ ነው፣ ወይም በቃ አዲስ መኪና መፈለግ ነው፤ ሦስቱም ተገቢ ምክንያቶች ናቸው፣ የነዳጅ ቁጠባ ግን ከመካከላቸው የለበትም።